ድምፅ የሌለው ድብ

የቴሌቪዥን ጠጋኙን ሱቅ ሰፈሩ «ዱዳ ቤት» ይለዋል። ከውጭ ሆነው በመስኮቱ ሲያዩት ቤቱ ሰው ሞልቶታል፤ አንዱ ይጨፍራል፣ አንዷ ፀጉሯን እየነጨች ታለቅሳለች፣ አንዱ ጣራ ላይ ሆኖ ይተኩሳል። ኮሽታ ግን የለም። ባለቤቱ ጋሽ ሽቦ አምስት ስድስት ቴሌቪዥን ባንድ ላይ ከፍቶ ስለሚሠራ የሁሉንም ድምፅ ይነቅላል። «ስድስት አፍ ባንዴ ከምሰማ ስድስት ሚስት ባገባ ይሻለኛል» ይላል። አንዷንም እንዴት እንዳኖረ የሚያውቁ ሰዎች በዚህች ቀልድ ከእሱ የበለጠ ይስቃሉ።

«ሽቦ ያሉኝ በሥራዬ ነው» ይበል እንጂ እውነተኛው ምክንያት እንደ ሽቦ የቀጠነው ረጅም አንገቱ ነው።

የቴሌቪዥን ሥዕል ላይ ግን የሚደርስበት የለም። ዜና አንባቢዋ ጉንጯ ትንሽ ወደ አረንጓዴ ካደላ «እህቴ፣ ጉበትሽን አሞሻል» ብሎ ጀርባዋን ይፈታል። የቀለም መፈተሻ የሚያደርገው ደግሞ አንድ ፊልም አለው። ማጫወቻውን ለማሠራት ያመጣ ደንበኛ ውስጡ ረስቶት የሄደው፣ በዚያው የቀረ፣ የበዓል የካርቱን ፊልም ነው። ነጭ በረዶ፣ ቀይ የአንገት ልብስ፣ አረንጓዴ ዛፍ፣ ቡናማ ድብ፣ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት፤ ዓለም ላይ ያለ ቀለም ሁሉ አለበት። በረዶው ነጭ ከሆነ፣ ድቡም እንደ ድብ ካማረበት፣ ቴሌቪዥኑ ድኗልና ወደ ቤቱ ይሂድ።

ጋሽ ሽቦ ይህን ፊልም ስንት ጊዜ እንዳየው እሱም ፈጣሪም አይቆጥሩትም። ታሪኩን ራሱ በራሱ ተርጉሞ ጨርሶታል። አንድ ደግ ድብ በበዓል ዋዜማ ከረጢት ተሸክሞ ይመጣል። በር ያንኳኳል። እናት ድብ ትከፍትና ወገቧን ይዛ ብዙ ትናገራለች። (ታመሰግነዋለች። ሴት ስታመሰግን ይረዝማል።) ድቡ ከረጢቱን አስቀምጦ ይወጣል፤ ትንሹ ድብ በመስኮት ያየዋል፤ ትልቁም እጁን እያወዛወዘ ይሰናበተዋል። ከዚያ ትንሹ ድብ አዲስ ጫማውን አድርጎ ይጨፍራል። መጨረሻ ላይ ትልቁ ድብ መጥረጊያ ይዞ ከበሩ ላይ በረዶ ሲጠርግ ያድራል። ጋሽ ሽቦ ይህቺኛዋን ክፍል «ሥራ አገኘ» ብሎ ነበር የተረጎማት። ድቡ በምን ቋንቋ እንደሚናገር እንኳ አያውቅም።

አሁን ወደ ገመናው እንምጣ።

በዓል ለቴሌቪዥን ጠጋኝ አዝመራ ነው። ዓመቱን ሙሉ በተሰነጠቀ ስክሪን ሲያይ የከረመ ሁሉ ለበዓል ነው ስንጥቁ የሚታየው። ስለዚህ ጋሽ ሽቦ ልጁ ትንሽ ሳለች ቤቱ የሚገባው በዋዜማው ማታ ነበር፤ ከረጢት ይዞ። ከረጢቱ ውስጥ አሻንጉሊት አለ፣ ጫማ አለ። አንድ ጥያቄ ይጠይቅና፣ አንድ ጉንጭ ይስምና፣ «ሰው እየጠበቀኝ ነው» ብሎ ይወጣል። የሰው ቤት በዓል እንዳይጨልም ሲሯሯጥ ሱቁ ውስጥ ያድራል። አንድ ዓመት ሚስቱ በሩ ላይ ወገቧን ይዛ የተናገረችውን ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። እሱ ብቻ አልሰማም መሰለን ይላሉ ጎረቤቶቹ፤ በማግሥቱ «ተናዳ ነበር» ብሎ ብቻ አልፎታልና። ሴትዮዋ ግን ከዚያ በኋላ በሩን አልከፈተችለትም።

ሚስት ሞተች። ልጅቱ አድጋ መጋረጃ ቤት ትሰፋለች፤ ማሙሽ የምትለው አንድ ወንድ ልጅ አላት። ለዓመታት አባቷን «ሰውዬው» ነበር የምትለው። ከእናቷ ሞት በኋላ ግን ምን እንደነካት እንጃ፣ ረቡዕ ረቡዕ ማሙሽን ከመዋዕለ ሕፃናት እንዲያመጣላት ፈቀደች። እሱም በሱቁ በኩል አድርጎ ያመጣል። በሩ ላይ ያስረክባል። «ግባ» ያለው የለም። ጋሽ ሽቦ ከዚህ ዓለም የቀረው ምኞት አንድ ነበር፤ ልጁ አንድ ቀን «በዓልን እኛ ጋ ዋል» እንድትለው።

እና ዘንድሮ ነገሩ ተቃረበ።

መዋዕለ ሕፃናቱ በበዓል ሰሞን ቤተሰብ ሰብስቦ ፊልም ያሳያል። አምና የከፈቱት ዘንዶ ያለበት ሆኖ ልጆቹ በየአልጋቸው ሲሸኑ፣ ሳምንቱን ሙሉ የሰፈሩ ገመድ አንሶላ ተሰጥቶበት ሰነበተ። ዘንድሮ በወላጆች ስብሰባ ላይ የመንትዮቹ እናት ተነሥታ፣ «ሰው ያላየው ፊልም እንዳይከፈትብን! ለልጅ ይሁን አይሁን ቀድሞ አይቶ የሚመሰክር ሰው እንፈልጋለን፤ እኔ ዘንድሮ አንሶላ አላጥብም!» አለች። ዝም ዝም ሲሆን የጋሽ ሽቦ ልጅ እጇን አወጣች። «አባቴ አንድ የበዓል ካርቱን አለው። መቶ ጊዜ አይቶታል» አለች።

ወሬውን ይዛ ወደ ዱዳ ቤት የሮጠችው የሰፈሩ ዳቦ ሻጭ ናት።

«ሰማህ ወይ አንተ? አባቴ አለች!»

«ማንን?»

«አንተን ነዋ! ሌላ ሽቦ አለ እንዴ እዚህ አገር? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ አባቴ!»

ጋሽ ሽቦ የመበየጃውን ጫፍ በጣቱ ያዘው። ማቃጠሉን ያወቀው ዳቦ ሻጯ ከሄደች በኋላ ነው።

በማግሥቱ ዳይሬክተሯ ራሷ መጣች። ዱዳዎቹን ቴሌቪዥኖች አንድ በአንድ እያየች፣

«ጋሽ ሽቦ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ፊልሙ ለትንንሽ ልጆች ይሆናል?» አለችው።

«ይሆናል ብቻ! ለእነሱ የተሠራ ነው እንጂ።»

«ጭራቅ ነገር?»

«ድብ ነው ያለው። እሱም ደግ።»

«ደም?»

«ቀይ ካዩ የአንገት ልብስ ነው።»

«ንግግሩስ? አንዳንዱ ካርቱን እኮ አፉ አይጣል ነው።»

ጋሽ ሽቦ ይህቺን አላሰበባትም ነበር። ንግግሩ። ዓይኑን ወደ ስክሪኑ ጣል ቢያደርግ እናት ድብ ወገቧን ይዛ አፏን ታንቀሳቅሳለች። «አልሰማሁትም» ማለት ሁለት ትንፋሽ አይፈጅም። ግን ልጁ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አባቴ ብላለች፤ መቶ ጊዜ አይቶታል ብላለች።

«ማር ነው» አለ።

«እንግዲህ የእርስዎን ምስክርነት ይዤ ነው ለወላጆቹ የምነግራቸው።»

«ይንገሯቸው።»

ማታ ድምፁን ሰክቶ ሊሰማው ነበር። ግን በዓል ነው፤ በሩ ላይ ሰው ተሰልፏል፤ ቴሌቪዥን እንደ ሕፃን የታቀፈ፣ በብርድ ልብስ የጠቀለለ። ነገ እሰማዋለሁ አለ። ነገም ሰው ተሰለፈ።

ቀኑ ደረሰ። የመዋዕለ ሕፃናቱ አዳራሽ ወንበሮች ትንንሽ ስለሆኑ አባቶች ሁሉ ጉልበታቸው ጆሯቸው ጋ ደርሶ ተቀምጠዋል። ግድግዳው ላይ እጅና እግር ከጭንቅላታቸው የበቀለ ሰዎች ተስለዋል። መስኮቶቹን ያጨለመው ወፍራም መጋረጃ የልጁ ስፌት ነው፤ ጋሽ ሽቦ ሲገባ ጠርዙን በሁለት ጣቱ ዳሰስ አድርጎ አለፈ። ከሱቁ ትልቁን ስክሪን ተሸክሞ፣ ሁለት ስፒከር ተውሶ ነው የመጣው። ፊት ለፊት ተንበርክኮ ሽቦ ሲያገናኝ ጆሮው ግን ኋላ ነበር። አንዱ አባት ከጋሽ ሽቦ ልጅ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ሊቀመጥ ሲል፣ ልጅቱ ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ አድርጋ፣ «ተይዟል፤ የአባቴ ነው» ስትል ሰማ።

ሽቦ ሲያገናኝ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም።

ፊልሙ ተጀመረ። በረዶው ነጭ ነው፤ ያማረ ነጭ። ድቡ መጣ። ጋሽ ሽቦ ለድቡ በልቡ የሰጠው ድምፅ የዜና አንባቢ ዓይነት ወፍራም ነበር፤ ከስፒከሩ የወጣው ግን ጉንፋን የያዘው ሰው ድምፅ ነው። ድቡ አንኳኳ። እናት ድብ ከፈተች፤ ወገቧንም ያዘች።

«መጣህ? ዘንድሮም ከረጢት?» አለች።

ጋሽ ሽቦ የያዛት ጠመንጃ መፍቻ እጁ ላይ ቀረች።

«ሥራ በዝቶብኝ…» አለ ድቡ።

«ሥራህን አይደለም፣ አንተን ነበር የምንጠብቀው። ልጁ እኮ መልክህን አያውቅም።»

ትንሹ ድብ ከኋላዋ ብቅ አለና፣ «እማዬ፣ ሰውዬው ማን ነው?» አለ።

«እንግዳ ነው የኔ ልጅ። እንግዳ ብዙ አይቆይም።» ወደ ድቡ ዞረች። «በል፣ ከረጢቱን አስቀምጥና ሂድ!»

ማሙሽ ወንበሩ ላይ ወጥቶ ቆመ።

«እማዬ! ይሄ እኮ የአያዬ ታሪክ ነው! አንቺ ለጓደኛሽ በስልክ የነገርሻት! ከረጢቱን አስቀምጥና ሂድ!»

«ማሙሽ፣ ቁጭ በል» አለች እናቱ በጥርሷ መሐል።

«ሰውዬው ነው እኮ! አንቺ አይደለሽም ሰውዬው የምትይው?»

ከኋላ አንዷ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። አንዱን ሳል ያዘው። ጋሽ ሽቦ ጆሮው ላይ እንቁላል ቢሰበር ይጠበስ ነበር። እጁ ምን እንደሚሠራ ሳይጠይቀው ሄደና፣ ሠላሳ ዓመት የለመደውን አደረገ፤ የስፒከሩን ሽቦ መዘዘ።

እናት ድብ ዱዳ ሆነች።

«ድምፅ! ድምፅ! ድምፅ!» ሕፃናቱ መሬቱን በእግራቸው ይደልቁት ጀመር።

ጋሽ ሽቦ ተነሥቶ ስክሪኑ ፊት ቆመ። የድቡ ቀለም ሸሚዙ ላይ ይጫወታል። «ልጆች፣» አለ፣ «ድምፁ ትንሽ ተበላሽቷል። እኔ ልንገራችሁ። ይኸውላችሁ… ድቡ ደግ ነው። ስጦታ ሊያድል ነው የመጣው። እሷም እያመሰገነችው ነው…»

«ሂድ ነው ያለችው!» አለ አንደኛው መንታ።

«ተቆጥታ ነው!» አለ ሁለተኛው።

«የለም የለም፣ እሷ… ቶሎ እንዲሄድ፣ ሌሎች ልጆችም እየጠበቁት ስለሆነ…»

«ውሸትህን ነው!»

ይሄኔ ማሙሽ ለአያቱ ጠበቃ ሆኖ ተነሣ። ፊቱ በንዴት ተነፋፍቷል። «አያዬ ውሸታም አይደለም! አያዬ ስላልሰማ ነው! እሱ ሱቅ ቴሌቪዥን አይናገርም! ድቡ ተናግሮ አያውቅም፣ እኔ ረቡዕ ረቡዕ አያለሁ!»

እንደዚህ ያለ ጠበቃ ለጠላትም አይስጥ።

ዳይሬክተሯ ከጥግ መጣች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር፤ ግን አዳራሹ ሁሉ ጆሮ ሆኗል። «ጋሽ ሽቦ፣ ይህን ፊልም ሰምተውት አያውቁም?»

የሽቦውን ጫፍ አየ። ሁለቱ የመዳብ ጅራቶች ተልጠው ይታያሉ። ቀና ቢል ልጁን ያያታል፤ ስለዚህ አላለም።

«አላውቅም» አለ።

«ማር ነው ብለውኛል እኮ!»

«ብያለሁ።»

«ጉድ ፈላ!» አለች የመንትዮቹ እናት። «በዱዳ ምስክር ልጆቻችንን ሰብስበን! ይዘጋ በቃ፣ ይዘጋ!»

«ምኑ ነው የሚዘጋው? ድብ አይደለም እንዴ?» አለች ሌላዋ። «ዘንዶ ይሻልሽ ነበር?»

«ዘንዶ ቢያንስ የሰው ትዳር አደባባይ አያወጣም!»

ከኋላ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር፣ ከመንገድ ያን ዕለት የገባ፣ ኮፍያውን በእጁ እያዞረ ተነሣ። «ባይዘጋስ?» አለ። «እኔም ልስማው።» ሚስቱ አጠገቡ አንገቷን ደፍታለች።

ማንም ሳይመልስለት የጋሽ ሽቦ ልጅ ከተቀመጠችበት ተናገረች። ጮክ አላለችም።

«ሽቦውን መልሰው።»

በጨለማ ተኝቶ እንኳ ሽቦ የሚሰካ ሰው፣ ያን ዕለት ቀዳዳውን ሁለት ጊዜ ሳተው። ሲሰካ የድቡ ጉንፋናም ድምፅ ተመለሰ። ጋሽ ሽቦ መሄጃ አጣ። በሩ ከኋላ ነው፤ በሩ ጋ ለመድረስ በሰው ሁሉ መሐል ማለፍ አለበት። ልጁ ወደ እሱ ሳትዞር ቦርሳዋን ከወንበሩ አነሣች። ሄዶ ተቀመጠ። ጉልበቱ ጆሮው ጋ ደረሰ።

የቀረውን ሰማ። እጅ ማወዛወዙ ስንብት አልነበረም። ድቡ «ነገ እመጣለሁ፣ ነገ!» እያለ ነበር፤ ትንሹ ድብም በመስኮት ሆኖ እናቱን «ነገ ስንት ቀን ነው?» ይላታል። ከዚያ ያ ጭፈራ መጣ፤ ጋሽ ሽቦ በየቀኑ ሱቁ ውስጥ ፈገግ እያለ ያየው ጭፈራ። ትንሹ ድብ አዲስ ጫማውን አድርጎ ባንድ እግሩ እንጣጥ እንጣጥ ይላል። «ጠበበኝ! እማዬ፣ አመመኝ! ለአምናው እግሬ ነው የገዛልኝ!»

ልጆቹ ሳቁ። ከልጆቹ ቀድማ የሳቀችው ግን የጋሽ ሽቦ ልጅ ናት። አጭር ሳቅ ነበረች፤ ልትመልሳት አስባ ያመለጠቻት። እሱ ከሹክሹክታው ሁሉ፣ ከመንትዮቹ እናት ምላስ ሁሉ፣ ይህቺ ሳቅ ነች አጥንቱ ውስጥ የገባችው።

መጥረጊያውም ሥራ ማግኘት አልነበረም። ድቡ ከበሩ ሳይሄድ አድሮ ነው። ሲነጋ እናት ድብ በሩን ከፈተች፤ ምንም አላለችም፤ ክፍቱን ትታው ገባች።

በር ላይ ወላጆቹ ልጆቻቸውን ኮት እያለበሱ ክርክሩን ቀጠሉ። አንሶላ ይታጠባል አይታጠብም። ሹፌሩ ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ ከማንም ጋር ሳይነጋገር አለፈ። ጋሽ ሽቦ ስክሪኑን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ግቢው ውስጥ ቆሞ ጠበቃት።

«አሳፈርኩሽ» አላት።

«አዎ።»

«ፊልሙ ለልጅ የሚሆን አልነበረም። ልሰማው ይገባኝ ነበር።»

«ፊልሙ ለልጅ ይሆናል። አንድም ልጅ አላለቀሰም» አለች። የማሙሽን ኮት ቁልፍ ትቆልፋለች። «ለአንተ ነው ያልሆነው።»

ብርድ ልብሱን ከአንዱ ክንዱ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ጫማው… ይጠብሽ ነበር?»

«ሁልጊዜ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

ቀና ብላ አየችው።

«መቼ?»

ማሙሽ አያቱን በኪሱ ጎተተውና፣ «አያዬ፣ ለበዓል ትመጣለህ ወይስ ከረጢት ብቻ ታመጣለህ?» አለው። ሁለቱም ትልልቅ ሰዎች መሬት መሬት አዩ።

«ከመጣ ባዶ እጁን ይምጣ» አለች እናቱ፣ ለማሙሽ የምትናገር መስላ። «ከረጢት ካየሁ በሩን አልከፍትም።»

በዋዜማው ዱዳ ቤት ተዘጋ። ሰፈሩ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅምና ቴሌቪዥን የታቀፉት ሰዎች በሩን እየደበደቡ «ጋሽ ሽቦ ሞተ እንዴ?» ይላሉ። ዳቦ ሻጯ፣ «አልሞተም፤ አፍሮ ነው» ብላ መለሰችላቸው። የፊልሙ ወሬማ በከተማው ከእሷ ጋር ነው የዞረው።

በበዓሉ ቀን በጠዋት ሄደ። እጁን የሚያደርግበት አጣ። ኪሱ ቢከተው ሌባ መሰለ፤ ቢያወጣው ለማኝ። ልጁ ከፈተች፤ እጆቹን አየች፤ ከበሩ ገለል አለች።

ቤቱ ንጹሕ ነው። መጋረጃው እስከ ወለል ይወርዳል። ማሙሽ ሮጦ ሄዶ ቴሌቪዥኑን ከፈተለት፤ ለአያቱ ሌላ ምን ይጋበዛል? ስክሪኑ ላይ አንድ ሰው ይዘፍናል፤ ፊቱ እንደ ጎመን አረንጓዴ ነው። የጋሽ ሽቦ አንገት በልማዱ ተሳበና ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ብቅ አለ። እዚያ፣ ክዳኑ ላይ፣ ጠጋኞች የሚለጥፉት ምልክት ተለጥፏል። የእሱ አይደለም። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ወዲያ ያለው፣ እሱ «ሥጋ ቆራጩ» የሚለው ጠጋኝ ነው። አንዱ ምልክት ላይ ሌላ፣ በሌላው ላይ ሌላ ተደራርቧል፤ የታችኞቹ ቀለማቸው ለቋል። ከዚህ ቤት ተነሥቶ እዚያ ሰውዬ ጋ ለመድረስ ደግሞ በዱዳ ቤት በር ማለፍ ግድ ነው። በየጊዜው ታቅፋው አልፋለች ማለት ነው። እሱም መስኮቱ ሥር ተቀምጦ በረዶ ነጭ መሆኑን ያይ ነበር።

ዞር ሲል ልጁ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ታየዋለች።

«ሥራ በዝቶብሃል ብዬ ነው» አለች። አልተሳለቀችም። እሱን የባሰ ያሳፈረው አለመሳለቋ ነው።

«አያዬ፣ ታስተካክለዋለህ?» አለ ማሙሽ። «ጉበቱን አሞታል!»

ጋሽ ሽቦ እጁ ኪሱ ገባ። ባዶ እጅህን ና ሲባል የረሳት ጠመንጃ መፍቻ እዚያ አለች። እጀታዋ ይሞቃል። ክዳኑን ቢፈታው ከጀርባው ገብቶ፣ ሰው ፊቱን ሳያየው፣ በዓሉን እዚያ ሊውል ይችላል። ልጁ ወጥ ቤት፣ እሱ ከስክሪን ኋላ፣ ማታ «አመሰግናለሁ» ተባብለው ይለያያሉ።

እጁን ባዶውን አወጣ።

«ሌላ ቀን» አለ። ሶፋው ላይ፣ ስክሪኑ ፊት ለፊት ተቀመጠ። «ድምፁን ጨምርልኝ እስቲ።»

ማሙሽ ጨመረ። አረንጓዴው ሰውዬ ስለ አንዲት ሴት ይዘፍናል፤ ዜማው መጥፎ አይደለም። ከወጥ ቤት ልጁ የሆነ ነገር ተናገረች፤ በዘፈኑ መሐል አልተሰማም።

«ምን አልሽ?» አለ ጋሽ ሽቦ። ሪሞቱን ቀምቶ ዘፈኑን ዝም አሰኘና፣ ጆሮው እስኪግል ድረስ አፍሮ፣ እንደገና ጠየቃት። «አልሰማሁሽም። ምን አልሽኝ?»